ማታ የሚሰንፍ ምጣድ፣ እየደጋገመ የሚጥል ቆጣሪ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ኤሌክትሪክ በቤት ውስጥ

ለዚህ እትም የመረጥናቸው ጥያቄዎች በሙሉ በአራት ቁጥሮች ዙሪያ ናቸው፤ ቮልት፣ አምፔር፣ ኦምና ዋት። አስቀድመን ስለ ቃላቱ እንነጋገር። በየሰፈሩ «ኮረንቲ» ሲባል መብራቱም፣ የሚነዝረውም፣ ሽቦው ውስጥ የሚሄደውም ሁሉ ነው። እዚህ ግን በአምፔር የሚለካውን ብቻ «ከረንት» እንለዋለን። «ሬዚስታንስ» ብሎ ዕቃ መሸጫ የገባ ሰው ደግሞ የሚሰጠው የምጣድ ወይም የምድጃ ጥቅል ሽቦ ነው። ግራ እንዳያጋባ ዕቃውን «ሽቦ» ወይም «ስፕሪንግ» ብለን፣ «ሬዚስታንስ»ን በኦም ለሚለካው ነገር ትተነዋል።

ሒሳቡ አጭር ነው። ቮልት ለአምፔር ሲካፈል ኦም ይሆናል፤ ቮልት በአምፔር ሲባዛ ዋት። ከእነዚህ ሁለት ሌሎች ሁለት ይወጣሉ፦ ቮልት ራሱን በራሱ አባዝተው ለኦም ሲያካፍሉት ዋት፣ አምፔርን ራሱን በራሱ አባዝተው በኦም ሲያባዙት አሁንም ዋት። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ማባዛቱ ላይ አይደለም። ከአራቱ የትኛው እንደማይነቃነቅ ሳይለይ ስለሚጀምር ነው።

«የኤሌክትሪክ ምጣዴ ጎኑ ላይ 3,500 ዋት ይላል። ጠዋት ስጋግርበት እንጀራው ወዲያው ዓይን ያወጣል። ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ ግን ምጣዱም ሊጡም ያው ሆኖ ሳለ አንዱ እንጀራ እጥፍ ጊዜ ይፈጃል። ጠጋኙ ሽቦው ደክሟል፣ ይቀየር ብሎኛል። ሽቦ ይደክማል ወይ?»
አንዲት አንባቢ፣ ደብረ ብርሃን

ጠዋት ጤነኛ ሆኖ ማታ የሚታመም ሽቦ የለም። ገንዘብዎን ይያዙት።

ምጣዱ ላይ የተጻፈው 3,500 ዋት «220 ቮልት ከደረሰኝ» የሚል ቃል ያልተጻፈበት ቁጥር ነው። ሠሪው በእጁ የወሰነው ዋቱን ሳይሆን የሽቦውን ውፍረትና ርዝመት፣ ማለትም ኦሙን ነው። ኦሙን ለማግኘት 220 ጊዜ 220 ማለት 48,400 ነው። ይህን ቁጥር በቃልዎ ቢይዙት ብዙ ቦታ ያገለግልዎታል። 48,400 ለ3,500 ሲካፈል 13.8 ኦም ይሆናል። ጠዋትም ማታም 13.8 ነው፤ ሲግል በጥቂት በመቶ ከፍ ይላል፣ ለቤት ሒሳብ ግን ቸል ሊባል ይችላል። ጠዋት በ220 ቮልት 220 ለ13.8፣ ማለትም 15.9 አምፔር ይስባል።

ማታ ሰፈሩ ሁሉ ምድጃ ሲለኩስ ቮልቱ 180 ደረሰ እንበል። ከረንቱ 180 ለ13.8፣ 13 አምፔር ይሆናል። ኃይሉ 180 ጊዜ 13፣ ወደ 2,350 ዋት ነው። ቮልቱ የወረደው በ18 በመቶ ነው፤ ዋቱ ግን በ33 በመቶ ወረደ፤ ምክንያቱም ቮልቱ ሲቀንስ አምፔሩንም ይዞት ይወርዳል፣ ቅናሹ ሁለት ጊዜ ይቆጠራል። እርስዎ ደግሞ የሚያዩት ከዚህም የባሰ ነው። ሸክላው ትኩስ ሆኖ እንዲቆይ ብቻ በጎንና በሥር የሚያባክነው ሙቀት ጠዋትም ማታም ያህል ያህል ስለሆነ፣ የጎደለው 1,150 ዋት በሙሉ የሚቀነሰው እንጀራውን ከሚያበስለው ድርሻ ላይ ነው። ለዚህ ነው ኃይሉ በሲሶ ቀንሶ ሰዓቱ እጥፍ የሚሆነው።

ጥፋቱ የመንገዱ ይሁን የቤትዎ ለመለየት መልቲሜትር (ቮልትና ኦም የሚለካ ዕቃ) የያዘ ሰው ማታ ሁለት ንባብ ይውሰድልዎት። አንዱን ምጣዱ ጠፍቶ፣ ሌላውን ምጣዱ በርቶ፣ ሁለቱንም እዚያው ምጣዱ የሚሰካበት ሶኬት ላይ። ጠፍቶ 182፣ በርቶ 178 ካሳየ የወደቀው 4 ቮልት ብቻ ነው፤ ቤትዎ ደህና ነው፣ የተጨናነቀው የሰፈሩ ትራንስፎርመር ወይም መስመሩ ነው። ጠፍቶ 215፣ በርቶ 185 ካሳየ ግን ነገሩ ሌላ ነው። 30 ቮልት መንገድ ላይ ቀረ ማለት ነው። በዚያን ሰዓት የሚሄደው ከረንት 185 ለ13.8፣ 13.4 አምፔር ነው። 30 ለ13.4 ሲካፈል 2.2 ኦም፤ 30 በ13.4 ሲባዛ 400 ዋት። ከፖሉ እስከ ሶኬቱ ባለው መንገድ ላይ የሆነ የላላ ብሎን ወይም የተቃጠለ መጋጠሚያ 400 ዋት እየበላ ነው። ምጣድዎ 3,500 ዋት የሚያሰራጨው በሰፊ ሸክላ ላይ ነው፤ ያኛው 400 ዋት የሚነደው ምናልባት የጥፍር ያህል ስፋት ባለው ቦታ ላይ፣ ያውም ጣሪያ ወይም ግድግዳ ውስጥ ነው። ሳይውል ሳያድር ሙያተኛ ይጥሩ።

መስመሩ ከሆነ የታመመው መፍትሔው ማለዳ መጋገር ነው። ስታቢላይዘር ይግዙ የሚል ሰው ይኖራል። ከ180 ቮልት መስመር 3,500 ዋት ለማውጣት ስታቢላይዘሩ ከ19 አምፔር በላይ መሳብ አለበት፤ እሱም የተጨናነቀውን መስመር ይብስ ያወርደዋል፤ ጎረቤትዎም ስታቢላይዘር ይገዛል፣ መስመሩም ከዚያ ወዲያ ይወርዳል።

«የምጣዳችን ሽቦ ተበጠሰ። አንድ ጎረቤት የተቃጠለውን ክፍል ቆርጦ ጥሎ ሁለቱን ጫፍ አጠማዞ አገናኘው። እንዲያውም ከድሮው በላይ መጋል ጀመረ። ነገር ግን ጋገራ ከተጀመረ ግማሽ ሰዓት ሲሆን ባለ 16 አምፔሩ ብሬከር ይጥላል፤ በሦስተኛው ሳምንት ደግሞ እዚያው የተጠማዘዘበት ላይ ተበጠሰ። ምን አጠፋን?»
አንድ አባወራ፣ ሐዋሳ

ሁለት ጥፋት ተደርቧል፤ አንዱ ማሳጠሩ፣ ሌላው ማጠማዘዙ።

ከሽቦው አምስተኛው እጅ ተቆርጦ ወጣ እንበል። 13.8 የነበረው 11 ኦም ይሆናል። ከረንቱ 220 ለ11፣ 20 አምፔር፤ ኃይሉ 4,400 ዋት። «ከድሮው በላይ ጋለ» ያሉት ይህ ነው። 16 አምፔር ብሬከር 20 አምፔር ሲያይ ወዲያው አይጥልም። ውስጡ ያለው ሁለት ብረት የተጣበቀበት ቅጠል እስኪሞቅና እስኪጎብጥ ይታገሣል፤ ግማሽ ሰዓት ቢቆይ አይገርምም። ሽቦው ግን ትዕግሥት የለውም። ኃይሉ በ25 በመቶ ጨምሮ ርዝመቱ በ20 በመቶ ስላጠረ፣ እያንዳንዷ ሳንቲሜትር ሽቦ ከድሮው 56 በመቶ የበለጠ ሙቀት እንድትተፋ ተፈርዶባታል። ዕድሜውን የሚጨርሰው ይህ ነው።

ወደ መጋጠሚያው እንምጣ። ተጠማዞ የተገናኘ ሽቦ የሚነካካው በጥቂት ነጥቦች ብቻ ነው። እዚያ ላይ 0.2 ኦም ተፈጠረ ብንል፣ 20 ጊዜ 20 ጊዜ 0.2፣ 80 ዋት በአንዲት ቋጠሮ ላይ ያርፋል። ቋጠሮው ይግላል፣ በግለቱ ላዩ ይዝጋል፣ ዝገቱ ኦሙን ይጨምራል፣ ኦሙ ግለቱን። በሦስተኛው ሳምንት መበጠሱ ዘገየ እንጂ አልፈጠነም። በቆርቆሮና እርሳስ መበየድም አያዋጣም፤ ብየዳው ገና 183 ዲግሪ ላይ ይቀልጣል።

ስለዚህ ሙሉ ስፕሪንግ ይግዙ። ሱቅ ውስጥ «የ3,500 ምጣድ» ብለው ብቻ ተቀብለው አይውጡ። መልቲሜትሩን ባለ 200 ኦም ላይ አድርገው መጀመሪያ ሁለቱን የመለኪያ ጫፎች እርስ በርስ ያነካኩ፤ 0.3 ወይም 0.4 ያሳያል፣ የራሱ የገመዶቹ ነው፣ ከንባቡ ይቀንሱት። ከዚያ የስፕሪንጉን ሁለት ጫፍ ይለኩ፤ ወደ 13.8 መሆን አለበት።

ኦሙ ትክክል መሆኑ ግን ግማሹ ነው። 80 እጅ ኒኬልና 20 እጅ ክሮም የሆነው ኒክሮም፣ ውፍረቱ 1 ሚሊ ሜትር ሲሆን በሜትር 1.4 ኦም ያህል አለው፤ ለ13.8 ኦም ወደ 10 ሜትር ይፈልጋል። ባለ 0.8 ሚሊ ሜትሩ በሜትር ወደ 2.2 ኦም ስለሆነ 6 ሜትር ተኩል ሳይሞላ 13.8 ይደርሳል። በመለኪያው ሁለቱ እኩል ናቸው፣ ዋታቸውም እኩል ነው። ነገር ግን የቀጭኑ ጠቅላላ ገጽ የወፍራሙን ግማሽ ያህል ነው፤ ያንኑ ሙቀት በግማሽ ቆዳ ለመተንፈስ ሲታገል ፍም መስሎ ይቀላል፣ ቶሎም ይበጠሳል። ርካሹ ስፕሪንግ ርካሽ የሆነበት ምሥጢር ብዙውን ጊዜ ይኸው ነው፤ ካሊፐር ያለው ሻጭ ካገኙ ውፍረቱን አስለክተው ይግዙ።

ሲገጥሙት የሸክላውን ቦይ ከጫፍ እስከ ጫፍ በሲባጎ ይለኩና ስፕሪንጉን በዚያው ልክ እኩል ይሳቡት። አንድ ቦታ ጠበቅ ሌላ ቦታ ላላ ካለ፣ ጥቅጥቅ ያለበት ቦታ እንጀራውን ያሳርራል፣ የሳሳው ቦታ ያጎረናል። ወደ ውጭ የሚወጡትን ሁለቱን ጫፎች ሽቦውን አጥፈው ድርብ ያድርጓቸው። ድርቡ ኦሙ በግማሽ ስለሚያንስ ጫፉ ቀዝቀዝ ይላል፣ ማሰሪያው ብሎንም አይቃጠልም። ብሎኑ ላይ በሁለት ዋሸር መሐል ጥርቅም አድርገው ይሰሩት። ኧርዙን (የመሬት ሽቦውን) ከብረት እግሩ ጋር ማሰር አይርሱ፤ ሽቦው ላይ የሚለሰነው ጀሶ እርጥብ ሲሆን ኮረንቲ ያሳልፋል። ጀሶው ሳይደርቅ ምጣድ አይሰካም።

«ብሬከሩን ወደ 25 ብቀይረው አይሻልም? ምጣዱ ያለው ማድ ቤት ስለሆነ በ20 ሜትር ኤክስቴንሽን ነው የምጠቀመው።»
አንድ አንባቢ፣ ባሕር ዳር

አይሻልም። ብሬከር የሚጠብቀው ምጣዱን አይደለም፣ ከኋላው ያለውን ገመድ ነው። ገመዱን ሳያዩ ብሬከር ማሳደግ ዘበኛውን አባሮ በሩን ክፍት መተው ነው።

ኤክስቴንሽኑ ይበልጥ ያሳስበናል። 20 ሜትር ቢሆንም ከረንቱ ሄዶ ስለሚመለስ 40 ሜትር መዳብ ነው። ለመዳብ ሒሳቡ 0.0175 ጊዜ ርዝመት በሜትር፣ ሲካፈል ለውፍረቱ በሚሊ ሜትር ካሬ ነው። ገመዱ ባለ 1 ከሆነ 0.7 ኦም ይወጣል። ከምጣዱ 13.8 ጋር 14.5 ኦም፤ ከረንቱ 15.2 አምፔር። ምጣዱ ጋ የሚደርሰው ወደ 3,190 ዋት ሲሆን 160 ዋት ገመዱ ውስጥ ይቀራል። ተዘርግቶ ከሆነ ለብ ይላል። ተጠቅልሎ ጥግ ከተጣለ ግን ሙቀቱ መውጫ አጥቶ ላስቲኩ ይቀልጣል፤ ብሬከሩ ደግሞ 15.2 አምፔር ብቻ ስለሚያይ ነገሬም አይለው። ባለ 4 ገመድ ያስገቡ፤ የሚባክነው ወደ 43 ዋት ይወርዳል። የሶኬቱን ወንዴም ከጋገሩ በኋላ ነቅለው ጥፍሮቹን ይዩ፤ የጠቆረ ወይም ያረረ ካለ ሴቴውንም ወንዴውንም አብረው ይለውጡ። አንዱን ብቻ የቀየረ በወሩ ተመልሶ ይመጣል።

«የ10ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። አንዱ ቀመር ኦም ሲጨምር ዋት ይጨምራል ይላል፤ ሌላው ኦም ሲጨምር ዋት ይቀንሳል ይላል። መምህሬ ሁለቱም ልክ ናቸው አሉኝ። እንዴት?»
ተማሪ፣ ጎንደር

መምህርህ ልክ ናቸው። ከላይ ሁለቱንም ተጠቅመንባቸዋል፤ ተመልሰህ ብታይ ታገኛቸዋለህ። ምጣዱ ሶኬት ላይ ሲሰካ የሚሰጠው ቮልት ነው፤ ስለዚህ ቮልቱን ያዝ፣ ኦም ሲያድግ ዋት ያንሳል። ከምጣዱ ጋር በተከታታይ የተቀመጠችው የተቃጠለች ቋጠሮ ግን ቮልት አይሰጣትም፤ የምትቀበለው ምጣዱ የወሰነላትን ከረንት ነው። ስለዚህ ከረንቱን ያዝ፣ ኦሟ ባደገ ቁጥር ዋቷ ያድጋል። ጀርመናዊው ጌዮርግ ኦም የቮልትን፣ የአምፔርንና የኦምን ግንኙነት ያሳተመው በ1827፣ እንግሊዛዊው ጄምስ ጁል ሙቀቱ በከረንቱ ራስ በራስ ብዜት ልክ እንደሚያድግ ያሳየው በ1841 እ.ኤ.አ. ነው።

ትልቁን ምሳሌ ከፈለግህ፣ ከህዳሴ ግድብ በደዴሳ በኩል ሆለታ የሚደርሰው መስመር 500,000 ቮልት ነው፤ በከተማ ፖሎች ላይ የምታየው አከፋፋይ መስመር ብዙውን ጊዜ 15,000። ያንኑ ኃይል በያንኑ ሽቦ በ500,000 ብትልከው ከረንቱ በ33 እጥፍ ያንሳል፤ ሽቦው ላይ የሚባክነው ሙቀት ደግሞ 33.3 ጊዜ 33.3፣ ከ1,100 እጥፍ በላይ ያንሳል። ለፈተናህ የሚሆን ምክር፦ ቀመር ከመምረጥህ በፊት ጥያቄው ውስጥ ቋሚ የተባለው ቮልት ነው ወይስ ከረንት ብለህ አስምርበት።

«100 ዋት የድሮ አምፖል በመልቲሜትር ለካሁ፣ 38 ኦም አለኝ። በሒሳብ 484 መሆን ነበረበት። መለኪያዬ ተበላሽቷል?»
አንባቢ፣ ጅማ

መለኪያዎ ደህና ነው፣ የለኩት ቀዝቃዛ አምፖል ነው። ተንግስተን በ2,500 ዲግሪ አካባቢ ሲበራ ኦሙ ከቀዝቃዛው ከአሥር እጥፍ በላይ ያድጋል። ስታበሩት በመጀመሪያዋ ቅጽበት 220 ለ38፣ ወደ 6 አምፔር ይገባል፤ ወዲያው ግሎ ወደ 0.45 ይወርዳል። አምፖል አብዛኛውን ጊዜ ሲበራ የሚቃጠለው ለዚህ ነው። የምጣድና የካውያ ሽቦ ይህ ጠባይ የለውም፤ ቀዝቅዞ የተለካው ኦም በቂ ነው።

«ከአሜሪካ የመጣልኝን ቡና ማፍያ ሰካሁት፤ ደቂቃ ሳይሞላ ሸተተና ጠፋ። ላዩ ላይ 120 ቮልት፣ 900 ዋት ይላል። ብሬከሩ ለምን አልጣለም? ይጠገናልስ?»
አንዲት አንባቢ፣ አዲስ አበባ

ኦሙን እናውጣ፦ 120 ጊዜ 120 ለ900፣ 16 ኦም። በ220 ቮልት 13.75 አምፔር፣ 3,025 ዋት። ለ900 የተሠራች ትንሽ ሳህን በአንድ ጊዜ ከሦስት እጥፍ በላይ ወረደባት። ብሬከርዎ ግን እስከ 16 አምፔር ድረስ ሁሉ ሰላም ነው ባይ ነው፤ 13.75 አየ፣ ዝም አለ።

ነቅለው ሽቦውን ይለኩ። አሁንም 16 አካባቢ ካሳየ የተቃጠለው ከሳህኑ ሥር ያለው የሙቀት ፊውዝ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ዋጋው ትንሽ ነው። ያው አምፔርና ያው ዲግሪ የተጻፈበትን ይተኩ፣ በሽቦ አያገናኙት። ከዚያ ወዲያ የሚሰካው በትራንስፎርመር ነው፤ ለ900 ዋት ባለ 1,500 ይውሰዱ፣ 1,000 የተጻፈባቸው ርካሾቹ በሙሉ ጭነት ብዙ አይቆዩም። «ከ100–240 ቮልት» የተጻፈበት የስልክና የላፕቶፕ ቻርጀር ይህ ሁሉ አያገባውም።

በተቃራኒው ከቨርጂኒያ የጻፉልን አንባቢ አሉ፤ ከአዲስ አበባ ያመጡት ባለ 3,500 ምጣድ «ለብ ከማለት አያልፍም» ይላሉ። 13.8 ኦም በ120 ቮልት 1,040 ዋት ብቻ ነው። እንጀራ አይጋገርበትም፣ ሊጥ ይደርቅበት እንደሆን እንጂ። በልብስ ማድረቂያው 240 ቮልት ላይ ቢያውሉት ደግሞ 17.4 አምፔር፣ 4,170 ዋት፤ በአምስተኛ ያህል ይበልጣል። ለ240 ቮልት 3,500 ዋት የሚሰጠው 16.5 ኦም ነው። አጭሩ ሽቦ ላይ ከመቀጠል 16.5 ኦም የሆነ አንድ ወጥ ስፕሪንግ ማስገባት፣ ገመዱንም ለመስመሩ ብሬከር በሚመጥን መለወጥ ይሻላል።

«መብራት ሲጠፋ በ1,000 ዋት ኢንቨርተርና በባለ 12 ቮልት፣ 100 አምፔር ሰዓት ባትሪ እጠቀማለሁ። ቴሌቪዥን ይሠራል። 700 ዋት ውሃ ማፍያ ስሰካ ግን ኢንቨርተሩ ጮኾ ይጠፋል። ባትሪው አዲስ ነው፣ 12.6 ቮልት አለው።»
አንባቢ፣ አዳማ

12.6 ያሳየው ምንም ሳይሸከም ነው። 700 ዋት ለማውጣት ኢንቨርተሩ የራሱን ብክነት ጨምሮ ከባትሪው ወደ 800 ዋት ይፈልጋል፤ 800 ለ12፣ 66 አምፔር። በ220 ቮልት በኩል ከ3 አምፔር በላይ ብዙም የማያልፈው ዕቃ በ12 ቮልት በኩል ከአራት ምጣድ በላይ ከረንት ይጎትታል። እዚህ ላይ የኦም መቶኛ እንኳ ትከብዳለች። ገመዶቹና የባትሪው መያዣዎች ተደምረው 0.03 ኦም ቢሆኑ፣ 66 ጊዜ 0.03፣ 2 ቮልት ይጠፋል። ባትሪው ራሱ ሲጫን 11.9 ቢወርድ ኢንቨርተሩ ጋ የሚደርሰው 9.9 ነው፤ ብዙዎቹ ኢንቨርተሮች ከ10 እስከ 10.5 ሲደርሱ ራሳቸውን ያጠፋሉ።

0.03 ኦምን በመልቲሜትሩ ኦም ላይ ለመለካት አይሞክሩ፤ የመለኪያው ገመድ ብቻውን አሥር እጥፍ አለው። ማፍያው ተሰክቶ ሳለ ቮልቱን አንዴ በባትሪው እርሳስ ጉብጉብ ላይ፣ አንዴ በኢንቨርተሩ ብሎኖች ላይ ያንብቡ። ልዩነቱን ለ66 ሲያካፍሉት ኦሙ ይወጣል። ከዚያ እየተጠጉ ይለኩ፦ ከጉብጉቡ እስከ መያዣው፣ ከመያዣው እስከ ገመዱ። ብዙውን ቮልት የሚበላው ቦታ ራሱን ያጋልጣል። ገመዱ ባለ 25፣ ርዝመቱ በተቻለ አጭር ይሁን፤ ባትሪውን ከኢንቨርተሩ አጠገብ ማድረግ ከማንኛውም ወፍራም ገመድ ይረክሳል። ሁሉ ተስተካክሎም ባትሪውን እስከ ግማሹ ብቻ ለመጠቀም ካሰቡ 45 ደቂቃ አይሞላልዎትም። ለቴሌቪዥን የተገዛ ባትሪ ውሃ እንዲያፈላ አይጠየቅም።

«ማቀዝቀዣዬን በክላምፕ ሜትር (ሽቦ አቅፎ አምፔር በሚለካው) ስለካ 1.3 አምፔር ነው። በ220 ሳባዛው 286 ዋት። ሶኬት ላይ የሚሰካው የዋት መለኪያ ግን 160 ይላል። ማንን ልመን?»
አንባቢ፣ መቀሌ

የዋት መለኪያውን። ሞተር ከወሰደው ከረንት ከፊሉን በየቅጽበቱ ወደ መስመሩ መልሶ ይገፋዋል፤ ሠርቶ የሚያስቀረው 160 ነው። 160 ለ286፣ 0.56፤ ይህ ፓወር ፋክተር የሚሉት ነው። ቮልት በአምፔር ማባዛት ቀጥታ ዋት የሚሰጠው ለምጣድ፣ ለካውያ፣ ለቦይለርና ለመሰሎቻቸው ነው። የሞተሩን ጥቅል በኦም ለክተው ዋት ለማስላትም አይድከሙ፤ የማይመስል ቁጥር ያገኛሉ።

«ምንም መለኪያ የለኝም። የምጣዴን ዋትና ኦም ማወቅ እችላለሁ?»
አንዲት አንባቢ፣ ደሴ

ይችላሉ፤ መለኪያው ቤትዎ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ዲጂታል ቆጣሪ ላይ ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም ትላለች፤ አጠገቧም በአንድ ኪሎ ዋት ሰዓት ስንት ጊዜ እንደምትል ተጽፏል፣ ለምሳሌ 1,600። ማቀዝቀዣውንና መብራቱን ሁሉ ያጥፉ፣ ምጣዱን ብቻ ያብሩ፣ በስልክዎ ሰዓት 10 ብልጭታ ስንት ሰከንድ እንደፈጀ ይያዙ። የመጀመሪያዋን «ዜሮ» ብለው ይጀምሩ፤ «አንድ» ብለው ከጀመሩ ዘጠኝ ብቻ ቆጥረው ከአሥር በመቶ በላይ ይሳሳታሉ። 10 ለ1,600፣ ጊዜ 3,600፣ ለሰከንዱ። 7.5 ሰከንድ ከፈጀ 3 ኪሎ ዋት ነው። ቮልቱ 220 ከሆነ 48,400 ለ3,000፣ 16 ኦም፤ ከረንቱም ወደ 13.6 አምፔር። አንድ ሰዓት ተኩል ቢጋግሩ ደግሞ 4.5 ኪሎ ዋት ሰዓት ይቆጥራል።

«ክላምፕ ሜትር ገዛሁ፤ የካውያውን ገመድ ሳቅፈው ዜሮ ይላል። ካውያው ግን እየጋለ ነው። ተሸወድኩ?»
አንባቢ፣ አዲስ አበባ

አልተሸወዱም። ሂያጁንና ተመላሹን ሽቦ አንድ ላይ ስላቀፉ እርስ በርስ ይጣፋሉ። አጭር ኤክስቴንሽን ወስደው፣ ከሶኬት ነቅለው፣ የላይኛውን ላስቲክ ብቻ ገፈው ውስጥ ያሉትን ሽቦዎች ይለያዩ፤ የየራሳቸውን ልባስ አይንኩ። አንዱን ብቻ ይቀፉ።